ኮልን ከኤደን የጎተተችው መርከብ፦ የካታውባ ታሪክና የኛ ባሕር

በጋላፊ መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና ሲቆም አይቶ የማያውቅ ነጋዴ በመካከላችን የለም። ከሚሌ ወዲያ፣ ሙቀቱ አስፋልቱን ሲያቀልጠው፣ መኪናው ከነተሳቢው ዳር ይዞ ይቆማል። ሾፌሩ ከሥሩ ገብቶ በጥላው ይቀመጣል። ባለ ንብረቱ ደግሞ አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ ሆኖ በስልክ ይጮኻል። ያን ጊዜ የጭነቱም ዋጋ፣ የመኪናውም ዋጋ፣ የደላላውም ነገር ይረሳና አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀራል፦ ማን ይጎትተዋል?

በባሕር ላይም ጥያቄው ይኸው ነው። ልዩነቱ ባሕር ላይ መንገድ ዳር የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ሞተሩ የጠፋ ወይም ጎኑ የተቀደደ መርከብ ካልተጎተተ ወይ ከድንጋይ ይላተማል፣ ወይ ይሰጥማል። ስለዚህ ዛሬ ሥራዋ መጎተት ስለሆነ አንዲት መርከብ እንጽፋለን። ስሟ ካታውባ ይባላል። ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የተሠራች ውቅያኖስ ተሻጋሪ ጎታች ናት። የተሠራችው ከኛ እጅግ በራቀ አገር ነው፤ ስሟ በዓለም ዜና የተነሣው ግን በዚሁ በኛ ባሕር፣ በኤደን ወደብ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1993 ዓ.ም. በሠራችው ሥራ ነው። ከዚህ በታች ዓ.ም. ያላልንበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከሐይቅ ዳር የተሠራች

ካታውባ የተሠራችው ጨው ውሃ በሌለበት ቦታ ነው። ማሪኔት የምትባለው ከተማ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ በሚሺጋን ሐይቅ አካባቢ የምትገኝ ስትሆን፣ ከዚያ ወደ ውቅያኖስ የሚያወጣው መንገድ በትላልቆቹ ሐይቆችና በሴንት ሎውረንስ ወንዝ በኩል ያልፋል። የመርከቧ ግንባታ በ1977 ተጀመረ። በ1979 ውሃ ላይ ወረደች፤ በ1980 ደግሞ ባሕር ኃይሉ ተረከባት።

በዚያ መርከብ ሠሪ ሰባት እኅትማማች መርከቦች ተሠርተዋል፦ ፖውሃታን፣ ናራጋንሴት፣ ካታውባ፣ ናቫሆ፣ ሞሐውክ፣ ሱ እና አፓቺ። ስሞቹ ሁሉ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ስሞች ናቸው፤ ባሕር ኃይሉ ለውቅያኖስ ጎታቾቹ እንዲህ ያለ ስም የማውጣት ልማድ አለው። ካታውባዎች በደቡብ ካሮላይና፣ በስማቸው በሚጠራው ወንዝ አጠገብ የሚኖሩና በሸክላ ሥራቸው የታወቁ ሕዝብ ናቸው።

መርከቧ ትልቅ አይደለችም። ርዝመቷ ወደ 69 ሜትር፣ ስፋቷ ወደ 13 ሜትር፣ ሙሉ ክብደቷ 2,260 ቶን ገደማ ነው። ኃይሏ ግን 7,200 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ነዳጅ ሳትሞላም 10,000 የባሕር ማይል ያህል ትጓዛለች። የኋላ ክፍሏ ዝቅ ያለና ገላጣ ነው። መድፍ ሊቆምበት ይችል የነበረው ቦታ ለገመድ፣ ለክሬንና ለጠላቂዎች ዕቃ ተትቷል።

ሠራተኞቿም ወታደሮች አልነበሩም ማለት ይቻላል። የእነዚህን መርከቦች ሥራ ይሠሩ የነበሩት 16 ያህል ሲቪል ባሕርተኞች ሲሆኑ፣ ለመገናኛ ሥራ አራት የባሕር ኃይል ሰዎች ይጨመሩ ነበር። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ደመወዙን እየቆጠረ፣ ቤተሰቡን በስልክ እየጠየቀ ባሕር ላይ የሚሠራ ሰው ለኛ ቅርብ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ የምናውቃቸውን መርከበኞች ይመስላል።

የጎታቾች ዘር

ካታውባ በዚህ ሥራ የመጀመሪያዋ አይደለችም። አሜሪካኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጀምሮ ውቅያኖስ የሚሻገሩ ጎታቾችን በብዛት ሠርተዋል። የዚያ ትውልድ ታላቅ እኅት ናቫሆ ትባል ነበር። በመስከረም 1943 በደቡብ ፓስፊክ የነዳጅ መጫኛ ጀልባ እየጎተተች ሳለ በቶርፒዶ ተመትታ ሰጠመች። ጎታች እየጎተተች ከሆነ መፍጠን አትችልም፤ መሸሽም አትችልም። ከኋላዋ ያለው ሸክም ፍጥነቷን ይወስንባታል።

በጥቅምት 1944 በታይዋን አጠገብ ካንቤራ እና ሂዩስተን የተባሉ ሁለት ትላልቅ የአሜሪካ የጦር መርከቦች ተመትተው ሞተራቸው ጠፋ። ቦታው ለጠላት የአየር ማረፊያዎች ቅርብ ስለነበር ሠራተኛውን አውርዶ መርከቦቹን ማስጠም ቀላሉ ውሳኔ ነበር። ነገር ግን እንዲጎተቱ ተወሰነ። በመጀመሪያ ሌሎች የጦር መርከቦች ጎተቷቸው፤ ቀጥሎ መንሲ የተባለችው ጎታች ካንቤራን፣ ፖኒ የተባለችው ደግሞ ሂዩስተንን ተረከቡ። በመንገድ ላይ ሂዩስተን ዳግመኛ በቶርፒዶ ተመታች። የፖኒ ሰዎች ገመዱን ቆርጠው ራሳቸውን ማዳን ሲችሉ፣ ጥለናችሁ አንሄድም የሚል መልእክት ላኩላት። ከአንድ ሺህ ማይል በላይ ተጉዘው ሁለቱም መርከቦች ኡሊቲ ከተባለው የፓስፊክ መልሕቅ ማቆሚያ ደረሱ።

ካታውባ የወረሰችው ይህን ሥራ ነው። እንዲህ ያለው መርከብ በድል ሰልፍ ላይ አይታይም። የሚጠራው ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው።

ገመዱ እንዴት ይሠራል

ብዙዎቻችን መጎተት ማለት አስሮ መሳብ ብቻ ይመስለናል። መኪና በአጭር ሰንሰለት የጎተተ ሰው ግን ችግሩን ያውቀዋል፤ የፊተኛው ሲነሣ የኋለኛው በድንገት ይላጋል፣ ሰንሰለቱም ይበጠሳል። በባሕር ላይ ደግሞ ማዕበሉ ሁለቱን መርከቦች በየራሳቸው ጊዜ ያነሣቸዋል፣ ያወርዳቸዋል።

መፍትሔው ገመዱን ማርዘም ነው። የውቅያኖስ ጎታች የምትጠቀመው በብዙ መቶ ሜትር የሚለቀቅ ወፍራም የብረት ገመድ ነው። ገመዱ በራሱ ክብደት መካከሉ ላይ ወደ ውሃው ይረግባል። ያ እርግበት እንደ መኪና ባሌስትራ ሆኖ ያገለግላል፤ ማዕበል ሲመታ ገመዱ መጀመሪያ ይቃናል እንጂ ወዲያው አይወጠርም። ወደብ አጠገብ ሲደርሱ ደግሞ ገመዱ ከባሕሩ ወለል ጋር እንዳይፋተግ ይጠቀለላል። ተወጥሮ የተበጠሰ የብረት ገመድ ሰውን ለሁለት ይቆርጣል። ስለዚህ ገመዱ ሥራ ላይ ሳለ በኋላው መድረክ ላይ ማንም እንዲሁ አይቆምም።

ከመጎተት በፊትም ሌላ ሥራ አለ። የተጎዳው መርከብ የተቀደደበት ቦታ ይመረመራል፤ ውሃ የሚያስገባው ሁሉ ይደፈናል፤ ሚዛኑ ይለካል። ያልተዘጋጀን መርከብ መጎተት መንገድ ላይ ለመስጠም ማመቻቸት ነው።

ጥቅምት 2 ቀን 1993 ዓ.ም.

አሁን ወደ ኤደን እንምጣ። ከዚያ በፊት ግን የጅቡቲን ነገር እናስታውስ። የአሜሪካ የጦር መርከቦች በዚህ አካባቢ ነዳጅ ይቀዱ የነበረው ከጅቡቲ ነበር። በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር የኢትዮጵያ ንግድ ከአሰብ ተነቅሎ በአንድ ጊዜ ጅቡቲ ላይ ወደቀ። በዚያ ወቅት የሠራን ሰዎች ወደቡ እንዴት እንደተጨናነቀ፣ ኮንቴይነር ለማውጣት ስንት ቀን እንደምንጠብቅ አንረሳም። ከ1999 ጀምሮ የአሜሪካ መርከቦች ነዳጃቸውን ኤደን መቅዳት ጀመሩ።

በጥቅምት 12 ቀን 2000፣ በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ዕለት፣ ኮል የተባለችው የጦር መርከብ ኤደን ገብታ ነዳጅ እየቀዳች ነበር። ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ ሁለት ሰዎች የያዘች ትንሽ ጀልባ ተጠግታ ፈነዳች። የኮል ግራ ጎን በግምት 12 ሜትር በ18 ሜትር ተቦደሰ። 17 መርከበኞች ሞቱ፤ ከ30 በላይ ቆሰሉ። ፍንዳታው የደረሰው ሰዎች ለምሳ በሚሰለፉበት አካባቢ ነበር።

ከቁስለኞቹ 11 የሚሆኑትን ፈረንሳዮች በአውሮፕላን ወደ ጅቡቲ ወስደው በጦር ሆስፒታላቸው አከሟቸው። ብዙዎቻችን በዚያ ሆስፒታል አጥር አጠገብ አልፈን እናውቃለን።

መርከቧ ላይ የቀሩት ሰዎች ግን ሌላ ትግል ያዙ። ኤሌክትሪኩ ጠፋ፤ የታገደው ውሃ እንደገና ሰብሮ ገባ። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ሽታ ውስጥ፣ የጓዶቻቸው አስከሬን ገና ከብረቱ መካከል ሳይወጣ፣ ውሃውን በባልዲ እየተቀባበሉ እስከ መቅዳት ደረሱ። የእንግሊዝና የአሜሪካ መርከቦች ደርሰው ምግብ፣ ሰውና ፓምፕ አቀረቡ። ኮል ሳትሰጥም ቀረች። ከኤደን እንዴት ትውጣ የሚለው ግን ገና አልተመለሰም ነበር። በራሷ ሞተር ውቅያኖስ ልትሻገር አትችልም።

ጥቅምት 19

እሑድ ዕለት፣ ጥቅምት 29 ቀን 2000፣ ካታውባ ገመዷን ለኮል አሰረች። በወደቡ ውስጥ የየመን ትንንሽ ጎታቾች እየደገፏት፣ ኮል በዝግታ ከቆመችበት ተነቅላ ወደ ሰፊው ባሕር ወጣች። ሠራተኞቿ በመድረኩ ላይ ቆመው የአገራቸውን መዝሙርና ሌላም ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ ወደ ከተማው ለቀቁ።

በዚያ ዕለት በተነሣው ፎቶግራፍ ላይ ሰው ሁሉ የሚያየው ኮልን ነው፤ የተቦደሰውን ጎን፣ ባንዲራውን፣ የተሰለፉትን ሰዎች። እኛ ግን ከፊት ያለችውን ትንሽ መርከብ እንድታዩ እንጠይቃለን። ኮል 154 ሜትር ርዝመትና ከ8,000 ቶን በላይ ክብደት አላት። ካታውባ የእርሷን ርዝመት እኩሌታ እንኳ አትሞላም፤ ክብደቷም ሩብ ያህል ነው። ጉንዳን ከራሷ የሚበልጥ እህል ስትጎትት ያየ ሰው ሥዕሉ ይገባዋል።

የካታውባ መንገድ አጭር ነበር። ከባሕሩ ዳርቻ ወጣ ብሎ፣ ጥልቀት ባለበት ቦታ፣ ብሉ ማርሊን የተባለች የኖርዌይ መርከብ ትጠብቅ ነበር። ብሉ ማርሊን ሌላ መርከብ በጀርባዋ የምትሸከም ናት። ታንኮቿን በውሃ ሞልታ መድረኳን ከባሕር በታች ታወርዳለች፤ የሚጫነው መርከብ በላይዋ ተጎትቶ ይገባል፤ ከዚያ ውሃውን ስታስወጣ ሸክሟን ይዛ ትነሣለች። ግመል ተንበርክካ ተጭና እንደምትነሣ ማለት ነው። በቀጣዩ ቀን ኮልን መጫን ተጀመረ።

ብሉ ማርሊን በስዊዝ በኩል አልሄደችም። አፍሪካን በደቡብ ዞራ፣ በመልካም ተስፋ ርእስ በኩል አልፋ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2000 ሚሲሲፒ ግዛት ፓስካጉላ ደረሰች። ኮል እዚያ ተጠግና በሚያዝያ 2002 ወደ ባሕር ተመለሰች፤ በ2017 ደግሞ በድጋሚ በየመን ዳርቻ፣ በባብ ኤል መንደብ አካባቢ ታየች። ካታውባም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በነዚሁ ባሕሮች፣ ከባሕረ ሰላጤው እስከ አረቢያ ባሕር፣ ስትሠራ ቆየች። ሥራዋ ግን ብዙ ጊዜ ዜና አልሆነም። ዜና ካልሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደኅና ነው ማለት ነው።

ለኛ የተረፈው ዕዳ

ኮል ተጎትታ ሄደች፤ እኛ ግን እዚሁ ቀረን። ያ ዓመት ለዚህ ባሕር ነጋዴ ድርብ መከራ ነበር። ልክ ከአንድ ወር በፊት፣ በመስከረም 2000፣ በሪፍት ቫሊ ትኩሳት ምክንያት ሳዑዲ ዐረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን የቁም ከብት አግዳ ነበር። ከሶማሌ ክልል በበርበራና በቦሳሶ በኩል በጉንና ፍየሉን የሚልክ ሰው ገበያው በአንድ ቀን ተዘግቶበት፣ ገና ሌላ በር ሲፈልግ ነው የኤደኑ ፍንዳታ የተሰማው።

ኤደን በ1999 አዲስ የኮንቴይነር ወደብ ከፍታ ተስፋ ጥላ ነበር። ከኮል ቀጥሎ በጥቅምት 2002 ሊምበርግ የተባለችው የፈረንሳይ ነዳጅ ጫኝ በየመን ዳርቻ ተመታች። የጦርነት ኢንሹራንስ ናረ፤ ትላልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች ኤደንን እየዘለሉ ወደ ሳላላና ወደ ጅቡቲ ዞሩ። ጅቡቲ የተጠቀመች ይመስላል፤ እውነትም ወደቧ አደገ። ነገር ግን ኢንሹራንስ ባሕር አይለይም። ኤደን ላይ የፈነዳው ነገር ጅቡቲ ላይ በሚወርደው ኮንቴይነር ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ መርካቶ ላይ በሚሸጠው ጨርቅና ጎማ ዋጋ ላይ ይደመራል። ተከፋዩ ማን እንደሆነ ሳያውቅ የሚከፍለው ገዢው ነው።

ገመድ ሳይደርስ ሲቀር

ይህን ታሪክ ያሁን ነገር ያደረገው ደግሞ በየካቲት 2024 የሆነው ነው። ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ ወደ 21,000 ቶን ማዳበሪያ ይዛ ስትጓዝ በየካቲት 18 በሚሳይል ተመታች። ሠራተኞቿ ወርደው ተረፉ። መርከቧ ግን ወዲያው አልሰጠመችም። መልሕቋን ጥላ፣ ውሃ እያስገባች፣ ዘይቷን እያፈሰሰች ሁለት ሳምንት ያህል ቆየች። ወደ ወደብ ሳትጎተት ቀረች፤ መጋቢት 2 ሰጠመች። በዚያው ሰሞን በቀይ ባሕር ሥር የሚያልፉ ሦስት የኢንተርኔት ገመዶች ተቆረጡ፤ የአሜሪካ ባለሥልጣናት የቆረጣቸው የሩቢማር መልሕቅ ሳይሆን እንደማይቀር ተናግረዋል። የኛ የስልክ ክፍያ፣ የኛ የባንክ መልእክት በነዚያ ባሕሮች ሥር ነው የሚያልፈው።

በነሐሴ 2024 ደግሞ ሱኒዮን የተባለችው ነዳጅ ጫኝ 150,000 ቶን ያህል ድፍድፍ ነዳጅ እንደያዘች ተመትታ በእሳት ተያያዘች። 25ቱ ሠራተኞቿ ወደ ጅቡቲ ተወሰዱ። ያ ነዳጅ ቢፈስ ኖሮ ከምጽዋ እስከ ሆዴይዳ ያለው ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ሥራውን ባጣ ነበር። ለሳምንታት ስትነድ ቆየች፤ ለመጎተት የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራም አደገኛ ነው ተብሎ ቆመ። በመጨረሻ በመስከረም አጋማሽ፣ በአውሮፓ የጦር መርከቦች ጥበቃ፣ ጎታቾች ገመዳቸውን አስረው ወደ ሰሜን ወሰዷት። በኋላም ነዳጁ በደኅና ተራገፈ።

ሦስቱን መርከቦች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ኮልና ሱኒዮን ገመድ ደረሰላቸው፤ ሩቢማር አልደረሰላትም። ሦስቱም ተመትተዋል። መጨረሻቸውን ከለዩት ነገሮች አንዱ ጎታች በጊዜው መምጣቱና የሚቀበል ቦታ መኖሩ ነው።

ካታውባን በዚህ ዓይን ነው የምናያት። የማን ባንዲራ እንደያዘች፣ ኮል እዚህ ባሕር ምን ትሠራ እንደነበር፣ በመካከላችን የተለያየ አስተያየት አለ፤ አንዱ ላንዱ አይሸነፍም። በአንድ ነገር ግን እንስማማለን። ይህ ባሕር መድፍ የያዘ መርከብ አጥቶ አያውቅም፤ በጅቡቲ ዙሪያ የስንት አገር ጦር ሰፍሮ እንዳለ እናያለን። የሚጎድለው ገመድ የያዘ ነው። በነዚህ ወደቦች ስለ አዲስ ክሬን፣ ስለ አዲስ ተርሚናል ብዙ ይወራል፤ የተጎዳ መርከብ ሲመጣ ማን ይጎትተዋል፣ የትስ ይቆማል የሚለው ግን ዋጋው የሚታየው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ኤደን፣ ጅቡቲ፣ በርበራና ምጽዋ በዚህ ጉዳይ ቢያብሩ ለሁሉም ይበጃል።

በ1993 ዓ.ም. ኤደን የነበራችሁ፣ ኮል ስትወጣ ከዳር ሆናችሁ ያያችሁ፣ በሳምቡክም ሆነ በጎታች ላይ የሠራችሁ ወገኖች እንዳላችሁ እናውቃለን። ያያችሁትን በአማርኛም በሶማልኛም ንገሩን። ትልልቆቹ መርከቦች ታሪካቸውን የሚጽፍላቸው አላቸው፤ የጎተቱትን ሰዎች ታሪክ ግን እኛ ካልጻፍነው የሚጽፈው የለም።